ሪፐር፦ ለቤት ውስጥ ቀረጻ የመረጥኩት ሶፍትዌር
ክራርና ድምፅ ለመቅዳት ኮምፒውተሬን ከባዶ ሳደራጅ መጀመሪያ የጫንኩት ሪፐርን ነው፤ ዛሬም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ፋይሉ ትንሽ በመሆኑ በደካማ ኢንተርኔት እንኳ ቶሎ ይወርዳል። ለ60 ቀናት በነፃ ይሞከራል፤ ከዚያ በኋላ የግል ፈቃዱ 60 ዶላር ነው።

በዊንዶውስ ላይ ግን የድምፅ ካርዱን የራሱን አሲዮ (ASIO) ድራይቨር፣ ማለትም ድምፅ በካርዱና በሶፍትዌሩ መካከል ብዙ ሳይዘገይ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ መጫን ያስፈልጋል። ያለዚያ ክራሩን ስመታ ድምፁ በጆሮ ማዳመጫው ዘግይቶ ይመጣል፤ እንዲህ ሆኖ ትዝታን በስሜት መጫወት አይቻልም! በ48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና) ባፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የናሙና ብዛት፣ 128 ላይ ሳደርገው ከባፈሩ የሚመጣው መዘግየት 3 ሚሊሰከንድ አይሞላም።

የከበሮና የፒያኖ ድምፆች ስብስብ ከሪፐር ጋር አብሮ አይመጣም። መብራት በድንገት ለሚጠፋበት ቤት ደግሞ ሥራውን በየጥቂት ደቂቃው በራሱ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህን ከሁሉ በፊት አስተካክሉ።