ቀጣዩን ገዢ አስቀድመው ላዩልን የደብረ ማርቆስ ደላላ ምስጋና

ደላላን በአደባባይ የሚያመሰግን ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ግን ዛሬ አንድ ደላላ ላመሰግን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት ለመግዛት ለምታስቡም ልጠቁማቸው ነው። በዕድሜ የገፉ፣ በጎልማሳነታቸው ግንበኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ በውስጥ መልእክት ጠይቁኝ፤ አገናኛችኋለሁ።

እኔና ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ዝውውር መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ልጆቹ ከፍ ሲሉም ወደ ባሕር ዳር መሄዳችን አይቀርም። ስለዚህ ፍለጋውን ስንጀምር ለጋሼ የነገርናቸው አንድ ነገር ነበር፦ ቤቱ በምንሸጥበት ቀን ገዢ የማያጣ ይሁን። ሌላ ደላላ ቢሆን «እሱማ ምን ችግር አለው» ብሎ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ቃላችንን ይዘው ቀሩ፤ ያየነውን ቤት ሁሉ ከዓመታት በኋላ ከእኛ ሊገዛ በሚመጣ ሰው ዓይን እየመዘኑ አስጨነቁን።

መጀመሪያ ልባችን የሄደው ከከተማዋ ዳር ወዳለ አዲስ ቪላ ነበር። ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ከአቅማችን አልወጣም። ካርታ ግን የለውም፤ ያለው ቦታው ከገበሬ የተገዛበት የመንደር ውል ብቻ ነው። ሻጩ «ካርታው በቅርቡ ይወጣል» ይላል። ጋሼ ግቢውን እንኳን አልረገጡም። በር ላይ እንደቆሙ «ልጄ፣ ይህን ባንክ በመያዣነት አይቀበልም። ነገ ከአንቺ ሊገዛው የሚችለው ሙሉውን ገንዘብ በእጁ የያዘ፣ ደግሞም መፍረስን የማይፈራ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አንድም አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ቤት ካርታ ነበረው፤ ያለውም ዋና መንገድ ዳር ስለሆነ ለንግድ ይሆናል ብለን ጓጓን። ከመፈራረማችን በፊት የከተማውን መዋቅራዊ ፕላን እንድናይ ወደ ማዘጋጃ ቤት ላኩን። በፕላኑ መሠረት መንገዱ ሲሰፋ የፊተኞቹን ክፍሎች ይወስዳቸዋል። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የንብረት ካሳ የሚሰላው በላዩ ላይ ለሰፈረው ቤትና ተክል ነው፤ እኛ ለቦታው ብለን የምንከፍለው ገንዘብ እዚያ ውስጥ አይገባም። ከተማ ውስጥ ደግሞ ገዢ በአብዛኛው የሚከፍለው ለቦታው መሆኑን ማን ያጣዋል? ጋሼ ሁለቱንም ጊዜ እጃቸው ሊገባ የነበረውን ኮሚሽን በገዛ አፋቸው መለሱት። ምስጋናዬ በዋናነት ለዚህ ነው።

የገዛነው ቤት ካየናቸው ሁሉ አስቀያሚው ነው። ከተማዋ መንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን ሳይተርፍ አልቀረም ብዬ እስካሁን እቀልዳለሁ፤ ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ቆርቆሮው ዝገት ብቻ። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው ያዩት አፈሩን ነበር። በምሥራቅ ጎጃም ዋልካ መሬት ብዙ ነው። ዋልካ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ አብሮት ከፍ ዝቅ ሲል ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይተረተራል። አዲስ ቀለም ስንጥቁን ለአንድ በጋ ይሸፍነዋል። ስለዚህ «በነሐሴ ዝናብ ያላያችሁትን ቤት እንዳትገዙ» ብለው ውሳኔውን እስከ ክረምት አዘገዩት። ሻጮቹ ተቆጡ፣ ባለቤቴም ተቆጣ። ዝናቡ ሲወርድ ጋሼ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡና ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ቆመው ተመለከቱ። አፈሩ ቀይ ነው፤ ግቢው ውኃ አይቋጥርም፤ የቦታው ፊትም ሰፊ ነው። ኮብልስቶኑ በሩ ድረስ ደርሷል፤ ውኃውም መብራቱም የራሱ ቆጣሪ አለው። ጭቃ ቤት አፍርሶ መሥራት ይቻላል፤ ጠባብ ፊትና ጎርፍ ግን ለሚቀጥለው ገዢም ይተርፋል።

ረጅሙ ጣጣ የወረቀቱ ነበር። ካርታው በሻጮቹ ሟች አባት ስም ነው፤ አንዱ ወንድም አዲስ አበባ ሆኖ ውክልና ልኳል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና መለሱት፤ አጠቃላይ ውክልና ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት እስኪወጣ፣ ካርታው ወደ ወራሾቹ እስኪዛወር፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት እስኪጣራ ድረስ ከቀብድ በላይ አንድ ብር እንዳንከፍል ከለከሉን። ቀብዱንም ትንሽ አደረጉት። የሰጠው ወገን ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን እንደሚመልስ ለሁላችንም አስረዱ። ውሉም በሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በአዋዋይ ፊት ተፈረመ። ዛሬ ቤቱን ለሽያጭ ባወጣው ገዢ ከሚጠይቀኝ ወረቀት ውስጥ የጎደለ የለም።

ጠባያቸው ለሁሉም አይመችም። በበዓል ቀን ስልክ አያነሡም፤ ችኩል ሰው ይጠላሉ፤ በጂፕሰምና በሴራሚክ ገንዘብ አታፍስሱ እያሉ ይነዘንዛሉ። ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ የራሳቸው በር ያላቸው ሰርቪስ ክፍሎች ተከራይ አያጡም፣ ገዢም የሚያየው ኪራዩን ነው ይላሉ። ሰርቪሶቹን እንዳሉኝ ሠራሁ። በወጥ ቤቱ ግን አልሰማኋቸውም፤ የምኖርበት እኔ ስለሆንኩ እንደ ልቤ አሳምሬዋለሁ።

ወደ እሳቸው ስትሄዱ ልትገዙት ያሰባችሁትን ቤት ካርታ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱን ሳያዩ ቤት ለማየት አይነሡም። ኮሚሽናቸውን የሚቀበሉትም ስም ከተዛወረ በኋላ ነው፤ ቀድማችሁ ብትሰጧቸው አይወስዱም።