ለልጄ የከፈልኩበት የስድስት ኪሎ ጉብኝት

ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። አምና "ስታድግ ምን ትሆናለህ?" ሲሉት ፓይለት ይል ነበር፤ ዘንድሮ ቲክቶከር ሆኗል። እኔ ከቲክቶክ ጋር ጠብ የለኝም። ግን "መጀመሪያ ግቢ ግባ፣ ከዚያ የፈለግከውን ትሠራለህ" ስለው "ግቢ የገቡትስ ሥራ መቼ አገኙ?" ብሎ አፌን ያስይዘኛል። ምን ልበለው? ተመርቀው ቤት የተቀመጡ የሰፈር ልጆችን በየቀኑ ያያቸዋል።

እናም ሰፈራችን ያለ አንድ የቱቶሪያል ማዕከል ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ ልጆች "የዩኒቨርሲቲ ጉብኝት" ብሎ ሲለጥፍ ሮጬ ነው የተመዘገብኩት። ለልጅ 800 ብር፣ አብሮ ለሚሄድ ወላጅ 500፣ ትራንስፖርትና ምሳን ጨምሮ። ስማቸውን አልጠራም፤ ቅሬታዬን እዚያው በአካል ነግሬያቸዋለሁ።

2 ሰዓት ይነሳል የተባለው ሃይገር 3 ከሩብ ላይ መጣ። እሱስ ይሁን። ያበሸቀኝ መኪናውን ስንጠብቅ የሰጡን "ማነቃቂያ" ነው። አስተባባሪው ማይክ ይዞ ቁጥር ማውረድ ጀመረ። ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ በተፈተነበት በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። ቁጥሩ ውሸት የለበትም። ግን የ13 ዓመት ልጅ ፊት እንዲህ ይዘረገፋል? ለነገሩ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ማለቱን ዘሎታል። ልጄ ዞር ብሎ ጭንቅላት ከቆጠረ በኋላ "እማ፣ እዚህ 40 ነን፤ አንድ ወይ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያልፈው ማለት ነው?" አለኝ። ሒሳቡን አልተሳሳተም። ወዲያው የክረምት ቱቶሪያል መመዝገቢያ ፎርም ታደለ። ለካ ማስፈራሪያው ለዚህ ኖሯል።

ስድስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ስንደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እኔ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ቴክኒክና ሙያ ነው የገባሁት፤ ያንን በር ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው በታክሲ መስኮት ነው። ስገባ ልቤ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ።

አስጎብኚያችን የ3ኛ ዓመት የታሪክ ተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ትንሽ አፋር ቢጤ። ግቢው የጃንሆይ ቤተ መንግሥት፣ ገነተ ልዑል፣ እንደነበረና ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው እንደሰጡት ነገረን። ሙዚየሙ ውስጥ የንጉሡ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት አለ። ልጆቹ መታጠቢያ ቤቱ ጋ በሳቅ ፈረሱ። ደጅ ደግሞ ጣሊያን ሠርቶት የሄደው፣ የትም የማያደርሰውና ጫፉ ላይ አንበሳ የተቀመጠበት ደረጃ አለ፤ እዚያ ፎቶ ያልተነሳ የለም።

የእኔን ልጅ የያዘው ግን ታሪኩ አይደለም። "ለታሪክም ዲግሪ አለ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ለእሱ ዩኒቨርሲቲ ማለት ዶክተርና ኢንጂነር ብቻ ነበር፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ሌላ ነገር አውርተንለት አናውቅም። አስጎብኚውም ቴአትር ጥበባት አለ፣ ጋዜጠኝነት አለ፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሠዓሊው በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥዕል ትምህርት ቤትም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ናቸው አለው። ይሄ ቪዲዮ ሲቆርጥ የሚያድር ልጄ ጆሮው ሲቆም አየሁት።

ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። ዶርም ስንት ሆናችሁ ትተኛላችሁ? ልብስ ማን ያጥባል? (መስኮት ላይ የተሰጣውን ካልሲ እያሳየ "ራሳችን" አለ።) ካፌ ምን ትበላላችሁ? ክላስ ከሌለህ እስከ ስንት ሰዓት ትተኛለህ? "እስከ 4።" "ማንም አይቀሰቅስህም?" "ማንም።" በዚህች መልስ ብቻ ሦስት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የወሰነ ይመስለኛል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ቤተሰብ ገንዘብ ከሌለውስ ብላ ስትጠይቅም መንግሥት የመደበው ተማሪ ወጪ መጋራት ፈርሞ እንደሚገባ፣ ክፍያው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ እንደሆነ አስረዳት። እናቷ ከኋላ ሆና በረዥሙ ተነፈሰች።

ከአስጎብኚው ጋር የቆየነው ግን 40 ደቂቃ ብትሆን ነው። ለ40 ልጅ አንድ አስጎብኚ ስለነበረ ከኋላ የተሰለፉት ድምፁንም አልሰሙም። ከዚያ "ምሳ ይበርዳል" ተብሎ ተነዳን። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የ4 ኪሎው የሳይንስ ግቢም ቀረ። የሳይንስ ነገር ሊያዩ የመጡ ልጆች ምንም ሳያዩ ተመለሱ፤ ብር የመለሰላቸው የለም። ምሳው አይነት በፍርፍር ነበር፣ አይከፋም።

ትሄዱ እንደሆነ መኪናው ሳይነሳ ስንት አስጎብኚ እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቁ። ግቢ ያለ የዘመድ ልጅ ካላችሁ ግን ቅዳሜ ማኪያቶ ጋብዙትና ልጃችሁን ይዞት ይዙር፤ በር ላይ መታወቂያ ስለሚጠየቅ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስንለያይ ያንን አስጎብኚ ወደ ጎን ጠርቼ ለዛሬው ስንት ከፈሉህ አልኩት።

"ምሳ" አለኝ።