የኢፍ ሰንሰለት ወይስ ዲክሽነሪ?

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሳ ለሚሸጥ ሰው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የዋጋ ማስያ እንሥራ እንበል። ቆሮሶ ከሆነ ይህን ያህል፣ አምባዛ ከሆነ ያን ያህል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጽፈው በኢፍ («ይህ ከሆነ») እና በኤሊፍ («ያ ካልሆነ፣ ይህ ከሆነ») ሰንሰለት ነው። የዓሳው ዓይነት ሁለት ሦስት እስከሆነ ድረስ ለማንበብም አያስቸግርም።

ጣጣው ስህተት ሲገባ ነው። ሻጩ «ቆሮሶ» ለማለት «ቆሮሦ» ብሎ ጻፈ። ለእኛ አንድ ነው፤ ለፓይተን ግን ሶ እና ሦ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። መጨረሻ ላይ ኤልስ («ከእነዚህ ሌላ ከሆነ») ካልተጻፈ ፕሮግራሙ ሁሉንም ኢፍ አልፎ ይሄዳል። ሒሳቡን ከላይ በዜሮ ጀምረን ከሆነ ደረሰኙ ዜሮ ብር ይላል፤ ምንም ኤረር (የስህተት መልእክት) የለም። እንቅልፍ የሚነሳው እንዲህ ያለው ዝምተኛ ስህተት ነው።

ዲክሽነሪ በሚባለው የፓይተን መዝገብ ላይ ግን ስሙና ዋጋው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አዲስ ዓሳ ሲመጣ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይናገራል፦ በማዕዘን ቅንፍ «ቆሮሦ»ን ስንጠይቀው ኪይ ኤረር («እንዲህ ያለ ስም የለኝም») ብሎ ይቆማል፤ የመስመሩን ቁጥርና ያላገኘውን ቃል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ጌት በሚባለው ሌላ መጠየቂያ ከጠየቅነው ግን ባዶ መልስ ሰጥቶ ዝም ይላል፤ ችግሩ ቆይቶ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ለዋጋ ጌትን አልመክርም።

«ከ10 ኪሎ በላይ ቅናሽ አለው» ዓይነት ሕግ ሲመጣ ዲክሽነሪ አያዋጣም፤ እዚያ ኢፍ ይግባ። ከፓይተን 3.10 ጀምሮ ማች የሚባል ሌላ መምረጫም አለ፤ ግን እሱም የቀረውን ሁሉ የሚይዝ መስመር ካልተጻፈለት የማያውቀው ስም ሲመጣ ዝም ብሎ ያልፋል።