በላሊበላ ብርድ ሦስት ብርሌ ጠጅ

ጥር ላይ ላሊበላ ያደረ ሰው የማታውን ብርድ ያውቀዋል። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአሸተን ተራራ በኩል የሚወርደው ንፋስ ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል። ከደሴ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የሄድነው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበር። ብዙ ሰው ለገና ነው የሚመጣው፣ ለጠጅ ከሆነ ግን እንግዳው ሲበተን ሂዱ፣ ያኔ የጠጅ ቤቷ ባለቤት እማማ አጠገባችሁ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ጊዜ አላቸው።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሣር ተጎዝጉዟል፣ መደቡ ላይ አጎዛ አለ፣ መሐል ላይ ከሰል ይነድዳል። ቅምሻ ስትሉ ሦስት ትንንሽ ብርሌ በተራ ይመጣል፦ ለጋ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ። ከጎኑ የገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር።

ለጋው ከላስታ ማር የተጣለ ነው። ገና እየፈላ ስለሆነ ምላስ ላይ ይቆነጥጣል፣ ሽታው አበባ አበባ ይላል። ለእኔ ጣፋጭነቱ በዛብኝ። መካከለኛው ጥሩ ነው፣ ሌላም ቦታ የሚገኝ ዓይነት ጥሩ።

ደረቁ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሩ ከአምባሰል የመጣ ነው አሉን እማማ። ላሊበላ የሚለው ስም «ላል ይበላል»፣ ማር ይበላል ማለት ነው ይባላል፤ አምባሰልንም «የማር አምባ» ብለው የሚፈቱት አሉ፣ አሰል በዐረብኛ ማር ነውና። ወሎ ውስጥ ሁለት የማር ስም ያላቸው አገሮች በአንድ ማታ ቀመስን ማለት ነው። መጀመሪያ ማሩ ይሸታል፣ ስትጎነጩት ጣፋጭ የለም፣ ከዋጣችሁ በኋላ የጌሾው ምሬት ቀስ ብሎ ይመጣና ደረት ላይ ይሞቃል። እንደ ጉደር ያለ ደረቅ ቀይ ወይን የሚወድ ሰው ይህን ይወደዋል። ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ሳይታወቅ እግር ይይዛል።

እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቆላ ቢሆን ቶሎ ይደርስ ነበር ልጄ፣ እዚህ ብርዱ ያዘገየዋል። እኔም አልቸኩለውም» አሉኝ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ምድጃው አጠገብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ማሩ እዚያ ቀስ እያለ ጣፋጩ ወደ አልኮል እስኪለወጥ ይጠብቁታል። የሚቸኩል ሰው ነው ስኳር የሚጨምረው። ስኳር የገባበት ጠጅ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፣ ጠዋት ደግሞ ራስ ይበጠብጣል ይባላል። እኔ ጠዋት ተነስቼ አሸተንን ወጥቻለሁ።

ከሦስታችን አንዱ ሙስሊም ነው። ሳይጠይቅ፣ ጠጅ ባልነካው ዕቃ ብርዝ ቀረበለት። «ጠዋት የበረዝኩት ነው አባ፣ አልፈላም» አሉት። ብርዝ ካደረ መፍላት ይጀምራልና ይህን ማሰባቸው ልቤን ነካው። እሱም ሁለት ጊዜ አስቀዳ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። አዝማሪው የጀመረው ልክ ደረቁ ሲቀዳ ነው። መሰንቆው ያምራል፣ የአምባሰልን ቅኝት ሲያወርደው ዝም ብዬ ሰማሁት፣ ግን ቤቷ ስለምትጠብ የእማማ ድምፅ ጠፋ። ስለ ጌሾው አጣጣል የጀመሩልኝ ወሬ ተቋረጠ። ቅምሻው ካለቀ በኋላ ቢጀምር ለሁሉም ይሻል ነበር። ጥብሱም ትንሽ ደርቆብናል፣ እራት ሌላ ቦታ በልታችሁ ሂዱ።

ለሰው 300 ብር ከፈልን፣ ቆሎው ጭምር። ያንሳል እንጂ አይበዛም።

ስንወጣ ለእናቴ አንድ ጠርሙስ ለጋ ገዛሁ፣ እሷ ጣፋጭ ነው የምትወደው። እማማ ክዳኑን አጥብቀህ እንዳትዘጋው፣ መንገድ ላይ ይፈላል ብለውኝ ነበር። ጋሸና ሳንደርስ ሁለት ጊዜ አላላሁት።