ሞንቴሶሪ ወይስ መደበኛ ኬጂ? አእምሮው ቀድሞ እጁ ለሚዘገይ ልጅ

በ4 ዓመቱ የባጃጅ ታርጋ የሚያነብ፣ የገበያ ሒሳብ በቃሉ የሚያወጣ፣ እርሳስ ሲሰጡት ግን የሚያለቅስ ልጅ ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም አለ። የት ይግባ? የሚወስነው የሚቸገርበት ቦታ ነው። (ከምዝገባ በፊት ዓይኑና ጆሮው ይታይ።)

የሚያስቸግረው ፊደልና ጽሕፈት ከሆነ ሞንቴሶሪ፣ ማለትም ልጁ ሥራውን ራሱ እየመረጠ በእጁ ዕቃ እየዳሰሰ የሚማርበት ዘዴ፣ ያዋጣዋል። የዘዴው መሥራች ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከመክፈቷ በፊት የሠራችው የአእምሮ እድገት ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር ነበር። ፊደል ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ልጁ በሁለት ጣቱ «በ»ን እየዳሰሰ ድምፁን ይላል። እርሳስ ቆይቶ ይመጣል። ሒሳቡም አንድ ዶቃ፣ በሽቦ የተሰካ 10፣ ከዚያ 100፣ 1000 ነው፤ ፈጣኑ ልጅ ሌላውን ሳይጠብቅ ይሻገራል። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉት አብረው መማራቸው ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም፤ የኔታ ዘንድ አንዱ ሀሁ ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል። አንድ ነገር ግን ጠይቁ፦ የላቲኑ 26 ፊደል ነው፣ የእኛ 33 በ7 ሲባዛ 231። ትምህርት ቤቱ የአማርኛውን የሚዳሰስ ፊደል አሠርቷል?

ችግሩ ጀምሮ መጨረስ ላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በሞንቴሶሪ ክፍል ልጁ ራሱ እየመረጠ 3 ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ይሠራል። ትኩረቱ የሚበተን ልጅ መደርደሪያ ሲዞር ይረፍድበታል። ብልህ ከሆነ ደግሞ ጽሕፈትን ወራት ሙሉ ይሸሻል፤ በሒሳብ ስለሚያበራ ማንም አይነቃበትም። መፍትሔው ጠዋት ጠዋት 3 ሥራ በሥዕል የተደረደረበት ካርድ መስጠት ነው፤ አንዱ የሚሸሸው ይሁን፣ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። መምህርቷ «የሞንቴሶሪ ሕግ አይፈቅድም» ካለች ሌላ ቦታ ፈልጉ።

መደበኛው ኬጂ ደወል አለው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል፤ ይህ ለአንዳንዱ ልጅ እረፍት ነው። 50 ልጅ የታጨቀበት፣ ቀኑን ሙሉ ከሰሌዳ የሚያስገለብጥ ከሆነ ግን ልጃችሁ «ረባሽ» ተብሎ ይመለሳል። 20 ልጅ ይዛ መልሱን በቃል የምትቀበል መምህርት ከብዙ ሞንቴሶሪ ትበልጣለች።

«ሞንቴሶሪ» የሚለው ስም የማንም የግል ንብረት ስላልሆነ ታፔላ አትመኑ፤ አንድ ጠዋት ተቀመጡ። ሮዙ ግንብ የሚባለው የሞንቴሶሪ መደራረቢያ ዕቃ 10 ኪዩብ ነው፣ ከ10 ሴንቲ ሜትር እስከ 1። ትንሿ ከጠፋች ዕቃውን የሚከታተል የለም። ሁሉም አዲስ መስሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቆለፈ ደግሞ ለወላጅ ማሳያ ነው።