ሞዘል ወንዝ ዳር ማደሪያችሁ የት ይሁን? ኮኸም፣ በርንካስተል ወይስ ትሪር

ጀርመን ውስጥ ሁለት የዕረፍት ቀን ያገኘ ሰው ስለ ሞዘል ሲጠይቅ ጥያቄው አይለወጥም፤ የት እንደር? ትሪር እደሩ። ኮኸም በቀን ደርሶ መመለስ ይበቃል። በርንካስተል-ኩስ መኪና ላለው ነው።

ገንዘቡን እናስቀድም። ዶይችላንድቲኬት የሚባለው የጉዞ ቲኬት ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ በወር 63 ዩሮ ነው። በክልል ባቡርና በአውቶቡስ ያስኬዳል፤ አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ አይሠራም። ችግሩ ወርኃዊ ደንበኝነት መሆኑ ነው፤ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዛችሁት የሚቀጥለውም ወር ይቆረጥባችኋል፣ የሁለት ቀን ጉዞ 126 ዩሮ ወጣበት ማለት ነው። ከ10ኛው ቀን በፊት ግዙና ያኔውኑ ስረዙት።

ባቡሩ ከኮብሌንዝ እስከ ትሪር ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ይመስላል። ግን ፑንደሪሽ አካባቢ ወንዙን ትቶ ወደ ቪትሊሽ ይታጠፋል፤ በርንካስተልም ከሐዲዱ ውጭ ትቀራለች። ቪትሊሽ ወርዶ አውቶቡስ መያዝ ግድ ነው፤ እሑድ ማታ ካመለጣችሁ በቲኬቱ ያተረፋችሁትን ታክሲው ይበላዋል። አደባባይዋ ላይ ያለው፣ ከታች ጠቦ ከላይ የሰፋው በ1416 የተሠራ ቤት ግን በእውነት ያምራል።

ኮኸም ለባቡር ምቹ ናት። ከኮረብታው ላይ የምታዩት ግንብ ግን የጥንቱ አይደለም። የፈረንሳይ ጦር በ1689 አፍርሶት፣ ከ1868 ጀምሮ አንድ የበርሊን ሀብታም ነጋዴ እንደገና ያሠራው ነው። ውስጡን ለማየት ከአስጎብኚ ጋር መግባት ግድ ነው። ለግንብ የምትከፍሉ ከሆነ ቡርግ ኤልትስ ክፈሉ፤ 14 ዩሮ አካባቢ ነው፣ ፈርሶ አያውቅም፣ ዛሬም ከጥንት ጀምሮ በያዘው ቤተሰብ እጅ ነው። ከሞዘልኬርን ጣቢያ በጫካ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር ያስኬዳል፤ ክረምታቸውን፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች፣ ዝግ ነው። ባይልሽታይን ወደምትባለው መንደር ለመሄድ ከኮኸም በመርከብ ሄዳችሁ በአውቶቡስ ተመለሱ፤ መርከቡ ለብቻው ይከፈልበታል፣ አውቶቡሱ በቲኬታችሁ ነው።

ትሪር ግን ትልልቁ ነገር በነፃ ነው። ቆስጠንጢኖስ ያስጀመረው የዙፋን አዳራሽ፣ 67 ሜትር ርዝመትና 33 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አይከፈልበትም። ካቴድራሉም እንዲሁ፤ በምድር ቤቱ የንግሥት እሌኒ ነው የሚባል የራስ ቅል አለ። መስቀልን ለሚያከብር ሰው ይህ ብቻ ለጉዞው ይበቃል። እሷ አመጣችው የሚባለውን የጌታን ቀሚስ ግን አያለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ከስንት ዓመት አንዴ ነው፣ የመጨረሻው በፈረንጆች 2012 ነበር። ፖርታ ኒግራ የሚባለው የሮማውያን የከተማ በር ደግሞ ለዛሬ የበቃው ስምዖን የሚባል ባሕታዊ በ11ኛው መቶ ዘመን ዘግቶ ስለኖረበትና ከሞቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ስለተደረገ ነው፤ የቀሩትን የሮማውያን በሮች ሕዝቡ ለድንጋይ አፍርሷቸዋል።

ወይን ስትገዙ ስሙ አያታላችሁ። «ፒስፖርተር ጎልድትሮፕፍሸን» የታወቀ አንድ እርሻ ነው፤ «ፒስፖርተር ሚሼልስበርግ» ግን ከብዙ መንደር የተሰበሰበ ነው። «በርንካስተለር ዶክቶር» እና «በርንካስተለር ኩርፉርስትላይ» ላይም ያው ነው። «ጉትስአብፉሉንግ» የሚል ፈልጉ፤ ያመረተው ራሱ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባው ነው። ሪስሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ጣፋጭ ይሁን ደረቅ (ስኳር የሌለው) ለማወቅ አልኮሉን እዩ፤ ከ7 እስከ 9 በመቶ ከሆነ ይጣፍጣል፣ ከ11.5 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው።