ያለ ምክንያት ፍሬን የምትይዝ መኪና፦ ከወራት በኋላ ስለ «ፉል ኦፕሽን» መኪናዬ

መኪናዬ ያለ ምክንያት ፍሬን ትይዛለች። ከፊቴ ምንም ሳይኖር፣ ወይም ያለው ነገር የማያሰጋ ሆኖ ሳለ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ትቆማለች። ቀበቶው ደረቴን ጭምቅ ያደርገዋል። ስክሪኑ ቀይ ይሆናል። አንዲት ሴት በቻይንኛ ትናገራለች። ከኋላ ክላክሱ ይንጫጫል። ይህ በወር አንዴ የሚሆን ነገር ቢሆን ዝም ብዬ አልፈው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ስነዳ ግን ሳይገጥመኝ የምገባበት ቀን ጥቂት ነው።

ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ናት። ስሟን አልጠራም፤ ሌላ ስም ያላቸውን የሚነዱ ጓደኞቼም ያንኑ ስለሚነግሩኝ ጉዳዩ የአንድ ፋብሪካ አይመስለኝም። የገዛኋት መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ካሳወቀ በኋላ ነው። በኤሌክትሪክነቷ ቅሬታ የለኝም። ማታ ቤት እሰካታለሁ፣ ጠዋት ሞልታ ትጠብቀኛለች። ማደያ ሰልፍ የለ፣ ዘይት ቅየራ የለ። በዚህ በኩል ደስተኛ ነኝ፤ ከዚህ በላይ የምለውም የለኝም።

ያናደደኝ ተጨማሪ ብር የከፈልኩበት ነገር ነው። ዝቅ ያለው ኦፕሽን ከፊት ያለውን አይተው መኪናዋን ራሷ ፍሬን የሚያስይዟት ካሜራና ራዳር የሉትም። ሻጩ ወደ ውዱ አመጣኝና፣ «ጋሼ፣ ይቺኛዋ ፉል ኦፕሽን ናት። መሪውን ይልቀቁት፣ ራሷ ትነዳለች» አለኝ። እኔ መሪ መልቀቅ አልፈለግሁም። የፈለግሁት ባለቤቴ ከምሽት ፈረቃ ስትመለስ፣ ጨለማ ውስጥ ድንገት እግረኛ ቢገባባት የሚያግዛት ነገር ነው። ይህንኑ ነገርኩት። «እሱማ ዋናው ሥራዋ ነው» አለኝ። ከፈልኩ።

አሁን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ከመገናኛ ወደ ቦሌ እየሄድኩ ነው እንበል። ሚኒባስ ከቀኝ ሊገባ ነው። እኔ መግባቱን ከመግባቱ በፊት አውቄዋለሁ። ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቷል። የፊት ጎማው ዞሯል። ዳር ላይ ተሳፋሪ ቆሟል። እግሬን ቀድሜ አንስቼ ቦታ እየለቀቅሁለት ነው። መኪናዋ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታነብም። እሷ የምታሰላው ሁለት ነገር ነው፤ በመካከላችን ያለውን ርቀት እና እየተቃረብን ያለንበትን ፍጥነት። እኔ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር፣ እሱ 20 እየሄደ 5 ሜትር ላይ ፊቴ ቢገባ፣ በስሌቷ ለመጋጨት አንድ ሰከንድ አልቀረንም። ስለዚህ ፍሬን ትይዛለች። ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን በዚህ ከተማ 5 ሜትር ማለት ሰፊ ክፍተት ነው፤ ሁላችንም በዚያ ርቀት ተግባብተን ነው ወጥተን የምንገባው።

በጣም ያመመኝ ቀለበት መንገድ ላይ፣ ሃና ማርያም አካባቢ የሆነው ነው። ከፊቴ መኪና አልነበረም፣ ሰው አልነበረም። ለቁፋሮ ጉድጓድ መሸፈኛ የተነጠፈ ብረት ብቻ ነበር። ብረቱ ጋ ስደርስ መኪናዋ ቀጥ አለች። ከኋላ ይመጣ የነበረ ፒክአፕ ገጨኝ። ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው። ወርዶ መንገዱን አየና፣ «ጋሼ፣ ምን አይተው ነው የቆሙት?» አለኝ። የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ርቀት አልጠበቀምና በሕግ ጥፋተኛው እሱ ነው፤ ትራፊክ ፖሊሱም እንደዚያው ወሰነ። እኔ ግን በልቤ አልፈረድኩበትም። ባዶ መንገድ ላይ መኪና ድንገት ይቆማል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው?

ቤት ገብቼ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ብረቱ አዲስ ጉዳይ አይደለም። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ነው የሚያነብበው። መንገድ ላይ የተነጠፈ ብረት ሞገዱን አጠንክሮ ስለሚመልስ እንደ ቆመ መኪና ሊቆጠር ይችላል። የአሜሪካ መንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ይህን ስለሚያውቅ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2024 ኤፕሪል ባወጣው ደንብ ውስጥ የብረት ሳህን ፈተና አስገብቷል። ደንቡ እስከ 2029 ሴፕቴምበር አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ አውቶማቲክ የድንገተኛ ፍሬን እንዲኖራቸው ያዛል። በዚያው ግን መኪናዋ የጉድጓድ መሸፈኛ ብረት ላይ ስታልፍ፣ እንዲሁም ዳርና ዳር በቆሙ ሁለት መኪኖች መሃል ስታልፍ፣ ያለ ምክንያት ፍሬን እንዳትይዝ መፈተን አለበት ይላል። ሁለቱም የእኔ የየዕለት መንገድ ናቸው። ኮሪደር ልማቱ ባልደረሰበት ሰፈር በሁለት የቆሙ መኪኖች መሃል ሳያልፍ ቤቱ የሚደርስ ሰው የለም።

ነገሩ የቻይና መኪና ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በ2022 ፌብሩዋሪ ወደ 416,000 የሚጠጉ የቴስላ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፍቶ ነበር። ምክንያቱ ባለቤቶቹ መኪናችን በፈጣን መንገድ ላይ ድንገት ፍሬን ያዘብን ብለው ቅሬታ ማቅረባቸው ነው። እንዲህ በጥርት ያለ ቀለም በተሰመረ መንገድ ላይ ከሆነ፣ የእኛን ጎዳና አስቡት።

ከእንስሳ ጋር ያለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በፋሲካ ሰሞን የበግ መንጋ አስፋልቱን ሲያቋርጥ አንዳንዴ በወጉ ታያቸዋለች። ጭድ የተጫነ አህያ ግን ግራ ያጋባታል። ጭዱ ከአህያዋ ጎን ለጎን ወጥቶ እግሯን ጭምር ስለሚሸፍነው ካሜራው የሚያየው የሚንቀሳቀስ ክምር ነው። አንዴ በሩቁ ታቆመኛለች፣ አንዴ ጭራሽ እንደሌለ ታልፈዋለች። የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 የስዊድኑ መኪና አምራች ቮልቮ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ነበር። የእንስሳ መለያ ሥርዓቱን የሠራው ስዊድን ውስጥ፣ በአገሩ አጋዘን ላይ ነው። አውስትራሊያ ሲደርስ ካንጋሮ አምታታው። ሥርዓቱ ርቀትን የሚለካው እንስሳው መሬት የረገጠበትን ቦታ አይቶ ነው፤ ካንጋሮ ሲዘል አየር ላይ ስለሚሆን ሩቅ ያለ ይመስለዋል። ቮልቮ ችግሩን አልደበቀም፤ ካንጋሮውን በቦታው እያጠና እንደሆነ በይፋ ተናገረ። የእኛን አህያ የሚያጠና መሐንዲስ ይኖር ይሆን? እኔ እንዲኖር ከልቤ እፈልጋለሁ። አህያ እዚህ አገር ተሸካሚ ብቻ ሳትሆን መንገድ ተጠቃሚም ናት።

አንድ ሻጭ ይህን ቢያነብ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ሶፍትዌሯን አፕዴት ያድርጉ» ይለኛል። አፕዴቱ የሚመጣው ቻይና ውስጥ በሚሠራ ሲም ነው፤ የእኔዋ መኪና እዚህ ከገባች ጀምሮ አንድም አፕዴት አልደረሳትም። «ያጥፉትና ይንዱ» ይለኛል። አጠፋዋለሁ። ግን መኪናዋን አጥፍቼ ባስነሳኋት ቁጥር ራሱ ተመልሶ ይበራል። ማጥፊያው ያለው በቻይንኛ በተጻፈ ሜኑ ውስጥ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። ቦታውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ባለቤቴ ግን ስትቸኩል ትረሳዋለች፤ መርሳቷም አያስወቅሳትም። «ታዲያ ደህንነትዎን ለምን ያጠፋሉ?» ይለኛል ደግሞ። ወንድሜ፣ እኔ ደህንነቴን የማጠፋው ከኋላዬ ገልባጭ መኪና እየመጣ ስለሆነ ነው። የተጫነ ገልባጭ በ5 ሜትር አይቆምም።

ከግጭቱ በኋላ የመጣው ጣጣም ቀላል አልነበረም። የኋላ ፓራውልቱ ተሰነጠቀ። ጋራዡ አጣብቆ፣ ስቱኮ ለቅልቆ፣ ቀለም ቀብቶ አስረከበኝ። ሥራው ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ከፓራውልቱ ጀርባ፣ በሁለቱም ማዕዘን፣ ከኋላ በጎን የሚመጣ መኪና የሚያዩ ራዳሮች አሉ። ወፍራም ስቱኮና ቀለም የራዳሩን ሞገድ ያዛባል። አሁን የግራው መስታወት ላይ ያለችው መብራት ማንም ሳይኖር ትበራለች። ራዳሩን በልኩ የሚያስተካክል መሣሪያ ያለው ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ባለ ጋራዡ ትሁት ሰው ነው፤ «እኔ የማውቀው ብረትና ቀለም ነው፣ የዚህን ዕቃ ትምህርት የሰጠን የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ዕቃውን የሸጡልን ሰዎች ናቸው ማስተማር የነበረባቸው።

የሹፌሩን ዓይን የምትከታተል ካሜራም አለች። ቀጥታ ካላየሁ ትጮህብኛለች። አደባባይ ውስጥ ቀጥታ እያየ የሚነዳ ሰው አለ? ግራህን አይተህ፣ ቀኝህን አይተህ፣ ኋላህን አይተህ ነው የምትወጣው። በትክክል ስነዳ ነው የምትቆጣኝ።

በአንድ ቦታ ግን እመሰክርላታለሁ። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ሌላ መኪና ትሆናለች። መስመሩ ተሰምሯል፣ አጥር አለ፣ ከፊት ያለው መኪና ርቀቱን ይጠብቃል። ፍጥነቷን ከሱ ጋር እያስተካከለች፣ መስመሯን ይዛ ትሄዳለች። አዳማ ስደርስ ትከሻዬ አይደክመኝም። ይህ ሥርዓት የተሠራው እንዲህ ላለ መንገድ ነው። ችግሩ እኔ በአብዛኛው የምነዳው እዚያ አለመሆኑ ነው።

እዚያም ቢሆን ራሷ አትነዳም። መኪና ምን ያህል ራሱን እንደሚነዳ የሚለካው ዓለም አቀፍ መለኪያ ከ0 እስከ 5 ይደርሳል፤ የእኔዋ 2 ላይ ናት። በ2 ደረጃ መኪናዋ ታግዛለች፣ ኃላፊው ሹፌሩ ነው፣ ዓይኑ ከመንገድ መነሳት የለበትም። ያለ ሹፌር ሰው የሚጭኑት የዌይሞ ታክሲዎች 4 ላይ ናቸው። እነሱም የሚሠሩት አስቀድሞ በዝርዝር ካርታ በተነሱ የአሜሪካ ከተሞች፣ ሌዘር፣ ራዳርና ብዙ ካሜራ ተሸክመው ነው። በእነዚያና በእኔ መኪና መካከል ያለውን ልዩነት ሻጩ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ቻይና ራሷ በ2025 ማርች ሦስት ሰዎች የሞቱበት የፈጣን መንገድ አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ በቀጣዩ ወር የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሯ አምራቾቹን ሰብስቦ የእነዚህን ሥርዓቶች ችሎታ አጋንነው እንዳያስተዋውቁ አስጠንቅቋል። መኪናው በተሠራበት አገር ያልተፈቀደ ንግግር እዚህ ሾውሩም ውስጥ እንደ ልብ ይነገራል። ይህ በጣም ያናድደኛል። አንድ ልጅ ሻጩን አምኖ መሪውን ቢለቅ፣ ፊቱ የሚቆመው እውነተኛ ሰው ነው።

መኪናዋን አልሸጣትም። ኤሌክትሪክነቷ ቤቴን ጠቅሞታል፣ ባትሪዋም እስካሁን አልከዳኝም። ግን ዛሬ እንደገና ብገዛ ዝቅ ያለውን ኦፕሽን ነው የምወስደው። የእህቴ ልጅ መኪና ሊገዛ ሲያማክረኝም ይህንኑ ነው የነገርኩት፤ የዋጋውን ልዩነት ለቤት ቻርጀርና ለመለዋወጫ ጎማ አውለው፣ ሊሸጥህ የሚለፋውን ሰው ደግሞ በሥራ ሰዓት መገናኛን አቋርጦ እንዲያሳይህ ጠይቀው አልኩት። እምቢ ካለ ሂድ ብየዋለሁ።

ለአስመጪዎቹ የምለው አለኝ። ሜኑውን በአማርኛ፣ ቢያንስ በእንግሊዝኛ አድርጉልን። ፍሬኑን ያጠፋ ሰው ሲያስነሳ እንደጠፋ የሚቆይበትን ማስተካከያ ከፋብሪካው ጠይቁልን። ለጋራዥ ባለሙያዎቻችን ሥልጠና ስጡ፣ የራዳር ማስተካከያውን መሣሪያ አምጡ። ገንዘቡን እኮ ከፍለናል።